ቀይዋ ሽቦ

ዴንቨር ሦስት ሳምንት ከርሜ ስመለስ «ያን የሚባለውን ተራራ አየኸው?» ላለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ትንሽ ያሳፍራል። እኔ በደንብ ያየሁት ጋራዥ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር ጋር በተጣበቀችውና ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በአውሮራ ከተማ ትንሽ ጋራዥ አለው። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነው የምለው። እሱ ሥራ ሲሄድ ቤት ተዘግቶብኝ ከምውል ብዬ አብሬው እወጣለሁ። ጥግ ላይ አንድ ወንበር ሰጥቶኛል። እዚያ ላይ ተሰይሜ፣ ቡናዬን ይዤ፣ ሰው ሲሠራ አያለሁ። መቼም ሌላ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ እንደማየት ያለ ዕረፍት የለም!

እናላችሁ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ የሚያህል መኪና በሩን ሞልቶ ቆመ። «ሞተርሆም» የሚሉት ነው፤ ቤትም ነው፣ መኪናም ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሻወር አለው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ሞተሩ የናፍጣ ነው፤ የተቀመጠውም ከኋላ ነው። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸውን ሸጠው ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እየዞሩ ይኖራሉ። «እኛ አገር ሰው ጡረታ ሲወጣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ ሾፌር ይሆናል» አለኝ ጋሼ።

ሽማግሌው የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው። ከሞተርሆሙ ኋላ ትንሿን መኪናቸውን የጫነ ተሳቢ መጎተት ፈልገዋል። ተሳቢው ከነጭነቱ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው። ግን ያንን ፍሬን የሚያዝ፣ ሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያውን ራሳቸው ገዝተው ከነካርቶኑ ይዘውት መጥተዋል። በአንድ እጅ የምትያዝ ጥቁር ሳጥን ናት። «ይህችን ግጠሙልኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ ዩታ እንወጣለን» አሉ። በዋጋ ተስማሙ፣ ተሳቢውንም መኪናውንም ትተው ሄዱ።

ፍሬን ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። ይረገጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ አለቀ። ተሳቢ ሲኖር ግን አያልቅም። የሚጎትተው ሲቆም የሚጎተተው መቆም እንዳለበት ማን ይነግረዋል? ካልተነገረው ከኋላ ይገፋል። በቀጥታ መንገድ መግፋት ብቻ ነው፤ ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ የፊተኛውን ጠምዝዞ ይጥለዋል።

ጋሼ እንዳስረዳኝ መሣሪያዋ አራት ሽቦ አላት። ጥቁሩ ከባትሪ ኃይል ይቀበላል። ነጩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ሰማያዊው ትእዛዙን ይዞ እስከ ተሳቢው ጎማ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚሽከረከረውን ብረት ይይዝና የፍሬኑን ሸራ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጎማው ይያዛል። አራተኛዋ ቀይ ናት። የእሷ ሥራ ወሬ ማቀበል ብቻ ነው፤ «ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ» ብላ ለሳጥኗ ትናገራለች። ወሬውን የምታገኘው ከፍሬን መብራት መስመር ነው።

ሥራውን የያዘው ጋሼ ጋ ሁለት ዓመት የሠራ የእኛው አገር ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ሰማያዊውን ሽቦ ከመሪው ሥር እስከ ኋላው መጨረሻ፣ በመኪናው ሆድ፣ ከትኩስ ነገር እያራቀ ዘረጋው። ወፍራም ሽቦ ነው የመረጠው፤ ያን ሁሉ ርቀት ቀጭን ሽቦ ከሄደ ኃይሉ መንገድ ላይ ይደክማልና። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። ተሳቢውን አስሮ ሜዳ መንገድ ላይ አወጣው። እኔም አብሬ ሄድኩ። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ የመሣሪያዋን ኃይል የተሳቢው ጎማ እስኪታሰር ከፍ አደረገ፤ ከዚያ ትንሽ መለስ አደረገው። ቀጥሎ ፔዳሉን ረገጠ። ያ ሁሉ ብረት ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ስንመለስ ጋሼ እጁን እየጠረገ ጠየቀ።

«ቀይዋን ከየት ነው የወሰድካት?»

«ከፍሬን መብራቱ።»

«ከየትኛው ቦታ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔ ነገሩ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ።

እንዲህ ያለ ትልቅ የናፍጣ መኪና ከፔዳሉ ሌላ የሞተር ፍሬን አለው። የጭስ ማውጫውን አንቆ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፔዳሉን ሳይነካ በእሱ ይወርዳል። በዚህ መኪና ላይ ታዲያ የሞተር ፍሬኑ ሲሠራ፣ ከኋላ ያለው ሰው እንዲጠነቀቅ ተብሎ፣ የፍሬን መብራቱም አብሮ ይበራል። ቀይዋ ሽቦ ደግሞ ከመብራቱ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። መብራት በራ ማለት ለእሷ ሾፌሩ ረገጠ ማለት ነው። ሳጥኗም ቢሆን ያቺው የርካሽ ዓይነት ናት። መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ለክታ በልኩ የምትይዝ ሌላ ዓይነት አለች፤ ዋጋዋ ከፍ ይላል። የሽማግሌው ሳጥን ግን አትለካም። «ረገጠ» ከተባለች የታዘዘችውን ያህል ኃይል ትሰጣለች፤ «ለቀቀ» እስክትባል ትይዛለች።

ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም። ቁልቁለት ላይ ግን ሾፌሩ ፔዳሉን ሳይነካ የተሳቢው ፍሬን ለረጅም ጊዜ ታስሮ ይወርዳል። ይግላል። ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ታች ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ የእውነት ሲረግጥ ተሳቢው የሚሰጠው ፍሬን አይኖረውም። በዚያች ሰዓት ሁለት ቶኑ መግፋት ይጀምራል።

መፍትሔው ይታወቃል። ቀይዋን ከመብራቱ ፈትቶ፣ ከፔዳሉ ብቻ የሚመጣውን መስመር፣ ከሞተር ፍሬኑ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ፈልጎ ማሰር ነው። ለዚህ ግን የፊቱን ሽፋን መፍታት፣ ሥር ገብቶ መተኛት፣ ሽቦ በሽቦ መከተል ያስፈልጋል። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ዋጋው ደግሞ ተቆርጧል።

ልጁ ተከራከረ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። «ጋሼ፣ ሰውየው የከፈሉት እንድንገጥም ነው፤ ገጥመናል። ሞክረነዋል፣ ይሠራል። መሣሪያውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። መመሪያውም ቀዩን ከፍሬን መብራት ጋር እሰር ነው የሚለው። የሞተር ፍሬኑን ጭራሽ ላይጠቀሙበት ይችላሉ። ደግሞ ስንቱ ነው እንዲህ አስሮ በሰላም የሚሄደው?»

ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ነጥብ ነው። አንዱም ውሸት የለበትም። ጠበቃ ቢሆን እቀጥረው ነበር።

«እሺ፣ ቢያንስ ደውለህ ንገራቸውና ይወስኑ» አልኩ እኔ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ።

«ብደውል ምን ይገባቸዋል? ‹ግድ የለም ተወው› ቢሉኝስ? መንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ ደግሞ ማን ይደውልላቸዋል?» አለ ጋሼ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «እውነትህን ነው፤ ስንቱ በሰላም ይሄዳል» አለውና መኪናው ሥር ገባ። «መብራቱን ያዝልኝ።»

ልጁ መብራቱን ያዘ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጨረሱ።

ወደ ቤት ስንሄድ በስተምዕራብ ተራሮቹ በጨለማው ውስጥ ጠቁረው ይታያሉ። ሽማግሌው ሐሙስ የሚወጡበት አይ-70 የሚባለው መንገድ እነሱን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ የሚገኘው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ከመቆም ይበልጣል። ከዋሻው ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ሰባት በመቶ ይደርሳል። ፍሬን ላጡ መኪኖች ተብሎ ጠጠር የተሞላ የማምለጫ መንገድ ተሠርቷል።

የዚህ መንገድ ስም ሲነሳ የዴንቨር ሐበሻ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ በመካከሉ የጭነት መኪና ነጂ አለና። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2019 እንጨት የጫነ ትልቅ መኪና ከተራራው ወርዶ፣ ዴንቨር መግቢያ ላይ በትራፊክ ምክንያት ቆመው የነበሩ መኪኖች ላይ ወጣ። አራት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ፍሬኑ እምቢ እንዳለው ተናገረ። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የማምለጫውን መንገድ ለምን አልፎት ሄደ ብሎ ጠየቀ። በዲሴምበር 2021 የ110 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዳኛው ራሱ ሕጉ ሌላ ምርጫ እንዳልሰጠው ተናገረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊርማውን አኑሮ ፍርዱን ተቃወመ። በዚያው ወር መጨረሻ የኮሎራዶ አገረ ገዥ ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረገው።

አንድ መቶ አሥር ወይስ አሥር? በሁለቱ መካከል ያለው መቶ ዓመት ምን ያህል ግራ እንደተጋባን ያሳያል።

ግራ መጋባቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊልያምስ የተባለ እንግሊዛዊና ቶማስ ናገል የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ይህን ጉዳይ «የሞራል ዕድል» በሚል ስም አነሱት። ናገል ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ፍሬኑን ሳያስመረምር የሚነዳ ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ልጅ ካልገባበት ቤቱ ይገባል፤ ራቱን ይበላል፤ ጥፋቱ ትንሽ ቸልተኝነት ሆኖ ይቀራል። ልጅ ከገባበት ግን ነፍሰ ገዳይ ነኝ እያለ ይኖራል። የሠራው ሥራ በሁለቱም ያው ነው። የተለየው ልጁ መግባቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሾፌሩ እጅ አልነበረም። ታዲያ ሰውን የምንመዝነው በሠራው ነው ወይስ በደረሰው?

ይህን ለጋሼ በተቻለኝ መጠን አብራራሁለት። መሪውን ይዞ ትንሽ ዝም አለና፣ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።

በወጣትነቱ አገር ቤት የተሳቢ ረዳት ነበር። አንድ ክረምት ጭነት ይዘው ጎሃ ጽዮን አደሩ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ የወረደበት ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ሾፌሩ «የተሳቢውን ፍሬን አየኸው?» ብሎ ጠየቀው። ሥር ገብቶ ማየት ማለት ጭቃ ላይ መተኛት ነው። «አይቻለሁ» አለ። አላየም።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ምንም። ደጀን ገባን። ምሳ በላን።»

«እና ምን ያስጨንቅሃል? ምንም አልሆነማ!»

«ያልሆነው በእኔ አይደለማ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

እኛ አገር አደጋ ሲደርስ የምንለውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? «ፍሬን እምቢ አለው» እንላለን። ፍሬኑ እንደ ሰው ተነስቶ አሻፈረኝ ያለ ነው የሚመስለው። ቋንቋችን ደግ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ሾፌሩም፣ ባለንብረቱም፣ መካኒኩም፣ ረዳቱም ሁሉም ንጹሕ ሆነው ጥፋቱ ብረቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን እንቀብራለን። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ብረትም ያለ ማንም ጥፋት ይሰበራል። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ እምቢ ከማለቱ ከብዙ ቀን በፊት አንድ ሰው አንድ ቦታ «እሺ፣ ይበቃል» ብሏል። ያ ሰው አደጋው ሲደርስ ቦታው ላይ አልነበረም። ምናልባት ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ ከንፈሩን መጥጦ ይሆናል።

«ታዲያ እንዲህ ከሆነ ማን ሥራ ይጨርሳል? ሊበላሽ የሚችለው ነገር ማለቂያ የለውም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ሁሉንም መጠበቅ የሚችል ሰው የለም፤ ጋሼም ተሳቢውን በሙሉ ፈትቶ አልገጠመም። ወሰኑ ያለ የሚመስለኝ ማወቅ ላይ ነው። ያ ወጣት ቀይዋን ከመብራቱ ጋር ሲያስር አልዋሸም፤ አላሰበውም፤ የሠራው ስህተት ነው። ጋሼ «ከየትኛው ቦታ?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ ግን ሽቦዋ እዚያው ብትቀር ኖሮ ስህተት አትባልም። ተራራው ላይ የሚሆነው በማንም እጅ አይደለም። ሽቦዋ ግን ረቡዕ ማታ በእጃቸው ነበረች።

የሰው ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፈላስፋ መሆን አይከብደኝም። ስለዚህ የራሴንም ልናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለጋዜጣ መጻፍ ስጀምር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስላለ ጉቦኛ ጸሐፊ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። ግን ፎቁንና መስኮቱን ጠቅሻለሁ፤ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የነገረኝ አንድ ባለጉዳይ ነው፤ ሲናገር ያስለቅሳል። ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል ነበረብኝ። ጽሑፉን ማስረከቢያዬ ደርሶ ነበር፣ ስልኩም ተይዞ ነበር፤ ተውኩት። ጽሑፉ ተወደደ። አንባቢ ሳይቀር ደውሎ «ልክ ልካቸውን ነገርክልን» አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ አንድ የማምነው ሰው፣ በተባለው ሳምንት መስኮቱ ላይ የነበረው ሌላ ሰው እንደሆነና የእኔው ሰውዬ እናቱን ለመቅበር ፈቃድ ወስዶ ክፍለ ሀገር እንደነበር ነገረኝ። እስከዚያ ግን ሰውየው ከቦታው ተነስቶ ሌላ ክፍል ተወርውሯል፤ ባልደረቦቹም ቡና አብረውት መጠጣት ትተዋል። ማስተባበያ እንዲወጣ አልጠየቅሁም። «ስም አልጠራሁም እኮ» እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ያም ውሸት አልነበረም፤ እንደ ልጁ ስድስት ነጥቦች እውነት ነበር። የኔዋ ቀይ ሽቦ ያቺ ያልተደወለች ስልክ ናት። የከፈለኝ አንባቢ ሊያያት አይችልም ነበር፤ የታሸውን ጽሑፍ ነው ያየው። ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሁላችንም ደንበኛው የማያያት አንዲት ሽቦ በእጃችን አለች። የምንኖረውም የማናውቃቸው ሰዎች ያሰሩትን ሽቦ አምነን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ባልና ሚስቱ መጡ። ጋሼ ሽቦዋ ላይ የለጠፋትን ወረቀት አሳያቸው፤ «ከፔዳል ብቻ» የሚል ነው፤ ነገ ሌላ መካኒክ ሲከፍተው እንዳይሳሳት። የሞተር ፍሬኑን፣ ቁልቁለቱን፣ ሸራውን ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው አይመስለኝም። ሚስትየዋ ግን መሪው አካባቢ አቧራው ተጠርጎ በማየታቸው በጣም ተደሰቱ። የተስማሙበትን ከፈሉ። ሽማግሌው ሲወጡ ሃያ ዶላር አውጥተው ለልጁ ሰጡት፤ ምን እንደሠራ ሳያውቁ። ልጁ ብሩን ትንሽ አየውና የጋራዡ የቡና መግዣ የሚጠራቀምበት ጣሳ ውስጥ ከተተው።

ሦስታችንም በር ላይ ቆመን ሸኘናቸው። ያ ሁሉ ቤት ተሳቢውን አስከትሎ ወደ መገናኛው ሲቃረብ ከኋላው የፍሬን መብራቱ በራ። ሽማግሌው ፔዳሉን ረግጠው ይሁን የሞተር ፍሬኑ ይዞት፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታወቅም።

ቀይዋ ሽቦ ግን ታውቃለች።